በጣሳ የተቀመጠ ይቅርታ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ኦፕሬተሩ» በሚል ስም ነው። ሲኒማ ቤቱ ከተዘጋ ሰባት ዓመት አልፎታል። ሕንጻው ዛሬ የቤት ዕቃ መሸጫ ሆኗል፤ ነጩ መጋረጃ ተሰቅሎበት በነበረው ግድግዳ ላይ ቁም ሣጥኖች ተደግፈው ቆመዋል። እሱ ግን አሁንም ኦፕሬተሩ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከተመልካቹ ራስ በላይ፣ ሁለት ሰው እንደ ልብ በማይተላለፍባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በሁለት ትልልቅ ማሽኖች መሀል ቆሞ ፊልም ሲያሳይ ኖረ። ሰው ሲስቅ በተዋናዩ ይስቃል፤ ሲያለቅስም ለተዋናይቱ ያለቅሳል። ኦፕሬተሩ ትዝ የሚለው ፊልሙ ሲቋረጥ ብቻ ነው። ያኔ ፉጨቱ ይቀልጥና አንዱ ከፊት ወንበር ይነሣል፤ «ኦፕሬተር! ተኛህ እንዴ?»

ንጽሕና የተጠናወተው ከሥራው ነው። ማሽኑ አፍ ላይ ያረፈች አንዲት ብናኝ መጋረጃው ላይ ስትታይ ውሻ ታክላለች። አንዲት ፀጉር የቆንጆዋን ፊት ከግንባር እስከ አገጭ ትሰነጥቀዋለች። ስለዚህ ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ መጥረጊያ ያነሣል፤ ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ፣ የፊልሙን መሄጃ በትንሽ ብሩሽ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ። ይህ ልማድ ቤቱ ድረስ ተከተለው። ጫማው አልጋው ሥር አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ይሰለፋል፤ ፎጣው በአራት ይታጠፋል፤ ማንኪያዎቹ በአንድ ፊት ካልተኙ እሱም አይተኛም።

አብሮት የኖረው ሰው ደግሞ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነበር።

ሰዓሊው የሲኒማ ቤቱን ሰሌዳ የሚሥል ሰው ነው። ከበሩ በላይ የተሰቀለው ትልቅ ቆርቆሮ በየሰኞው ይወርዳል። ሰዓሊው ያለፈውን ሳምንት ፊልም በነጭ ቀለም ይሸፍንና በላዩ የመጪውን ይሥላል፤ ጀግናውን ከነሽጉጡ፣ ወይዘሮዋን ከነሐዘኗ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። በሳምንቱ ጀግናውም ወይዘሮዋም ከነጭ ቀለም ሥር ይቀበራሉ። አንድ ክረምት ላይ የቤቱ ጣራ አፈሰሰበትና ወደ ኦፕሬተሩ መጣ። «ጣራው እስኪጠገን ሁለት ሳምንት ብቻ አስጠጋኝ» አለው። ኦፕሬተሩ ያን ጊዜ እናቱ ሞታበት ሁለት ክፍል ቤት ይዞ ብቻውን የቀረ ሰው ነበር። «ና» አለው። ሁለቱ ሳምንት ሃያ ስድስት ዓመት ሆነ። ጣራውን ማን እንደጠገነው እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም።

አይጥና ድመት ነበሩ። ሰዓሊው ብሩሹን በሻይ ብርጭቆ ይዘፈዝፋል። ቀለም የነካ እግሩ ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ አረንጓዴ ፈለግ ይተዋል። አንድ ቀን ኦፕሬተሩ ሬዲዮው ላይ የተሰጣ ካልሲ አገኘ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ካልሲ።»

«ካልሲስ ካልሲ ነው፤ ሬዲዮ ላይ ምን ይሠራል?»

«ዜና እየሰማ ነው» አለ ሰዓሊው፣ ከጋዜጣው ቀና እንኳ ሳይል።

ይጣላሉ። በር ይወረወራል። ሰዓሊው ከቤቱ ጀርባ ወዳለችው የቆርቆሮ ሥዕል ቤቱ ይገባል፤ ኦፕሬተሩ መጥረጊያውን ያነሣል። ከዚያ ሲረጋጉ አንዳቸው ጠረጴዛው ላይ ካርታ ይዘረጋል። ሌላው መጥቶ ይቀመጣል፤ ይጫወታሉ፤ በቃ። ስለ ጠቡ አንዲት ቃል አይነሣም። ይህን ሕግ ያወጣው ሰዓሊው ነው፤ ሕጉን ያገኘው ደግሞ ከፊልም ነው።

ፊልሙ አሮጌ ኮሜዲ ነበር። የሲኒማ ቤቱ የራሱ ንብረት ስለሆነ አዲስ ፊልም በዘገየ ቁጥር እሱ ይወጣል። አንድ መለከት ነፊና አንድ ሰዓት ሠሪ በአንዲት ክፍል ተዳብለው ይኖራሉ። ሰዓት ሠሪው ዝምታ ይፈልጋል፤ መለከት ነፊው ካልነፋ አይኖርም። አንዱ መለከቱ ውስጥ ፎጣ ይወትፋል፤ ሌላው ሰዓቶቹን ሁሉ በአንድ ደቂቃ እንዲጮኹ ሞልቶ ይወጣል። ሰፈሩ ፊልሙን በቃሉ ያውቀዋል፤ ተመልካቹ ተዋናዩን ቀድሞ ይናገራል። ወደ መጨረሻው ላይ መለከት ነፊው ሰዓት ሠሪው ከአባቱ የወረሰውን ትልቅ ሰዓት ይሰብርበታል። ሰዓት ሠሪው ያባርረዋል። በሩ ድው ብሎ ይዘጋል። ወዲያው፣ ዓይን እንኳ ሳይርገበገብ፣ ሁለቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ካርታ ሲጫወቱ ይታያሉ። አዳራሹ በሳቅ ይናጋል።

«አየህ» ይል ነበር ሰዓሊው፣ ባየው ቁጥር። «ፊልም ማለት ይሄ ነው። መለማመጥ የለ፣ እግር ላይ መውደቅ የለ። በር ይዘጋል፤ ከዚያ ካርታ! ወንድና ወንድ እንዲህ ነው የሚታረቀው።»

ኦፕሬተሩ ይህን ሲሰማ ሁልጊዜ ወደ ሌላ ነገር ይዞራል። ማንኪያ ያስተካክላል፤ ወይም መስኮት ይከፍታል። ምክንያቱም በበሩና በካርታው መሀል ምን እንደነበረ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው ሰዓሊው ሲኒማ ቤቱ ከመቀጠሩ በፊት፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ፊልሙ ማሽኑ ውስጥ ተያዘ። መብራቱ ፊት አንዲት ሰከንድ የቆመ ፊልም ይቃጠላል፤ መጋረጃው ላይ ቡናማ አበባ የሚፈካ ይመስላል። ፉጨቱ ጣራ ነካ። ኦፕሬተሩ ላብ በላብ ሆኖ የተቃጠለውን ቆረጠ፣ ጫፍና ጫፉን አጣብቆ ማሽኑን አስነሣ። በማግስቱ ረጋ ብሎ ሲያየው የዚያ ትዕይንት ጠርዝ ሁሉ ተበጣጥሷል። እንደገና እንዳይያዝበት ፈርቶ የቀረውን ትዕይንት እንዳለ ቆርጦ አወጣው። ጠቅልሎ በጣሳ ከተተው፤ ጊዜ ሲያገኝ ሊጠግነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ፊልሙ ሲታይ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። «ቆረጥከው! ሌባ!» የሚል ድምፅ ጠበቀ። የመጣለት ሳቅ ነው። ተመልካቹ ዝላዩን የፊልሙ ቀልድ አድርጎ ወሰደው። እሱም ተወው። አንድ ዓመት ሆነ፤ አምስት ሆነ። ጣሳዋ ከሲኒማ ቤት ወደ ቤቱ መጥታ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ተቀመጠች። አቧራዋን በየቅዳሜው ይጠርጋል፤ ክዳኗን ግን አይከፍትም። ለአንድ ኦፕሬተር ከዚህ የበለጠ ነውር የለም፤ ሰው ሠርቶ የላከውን ነገር ጎዶሎ አድርጎ ማሳየት።

አምና የሰዓሊው ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ «ብርድ ነው» አለ። ኋላ ላይ የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፈ ሳለ ፊደሉ ከመሥመር ወጥቶ ሲወርድ አየ። ብሩሹን አጥቦ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት አጥቦ፣ አስቀመጠው። ኦፕሬተሩ ይህን ሲያይ የተዘፈዘፈው ብርጭቆ ናፈቀው። ግን ምን ይባላል? በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር በአፍ አይነገርም።

በር ኋላ አንድ ሳንቃ ነበር። ሰዓሊው ብሩሹን የሚያብሰው በእሱ ላይ ነው። ሲኒማ ቤት ከተቀጠረበት ጊዜ ጀምሮ የተጠራቀመ የሃያ ሰባት ዓመት ቀለም አንዱ በአንዱ ላይ ደርቆ ሁለት ጣት ያህል ወፍሯል። ኦፕሬተሩ ያን ሳንቃ ሃያ ስድስት ዓመት ሲያየው ዓይኑን ይቆጠቁጠው ነበር። የካርታ ጠረጴዛቸው ደግሞ ከመሀሉ ተሰንጥቋል። ሰዓሊው ለሦስት ቀን ሌላ ከተማ ወዳለችው ታላቅ እህቱ ዘንድ ሲሄድ ኦፕሬተሩ ሐሳብ መጣለት። ከሰው ሁሉ እሱ ብቻ ሊያስበው የሚችል ሐሳብ።

ሦስት ቀን ሙሉ ፋቀው። በቢላ፣ በቀለም ማስለቀቂያ፣ በብርጭቆ ወረቀት። ቀዩ ረገፈ፣ ወርቃማው ረገፈ፣ ሰማያዊው ረገፈ። ፍርፋሪውን በጥንቃቄ ሰብስቦ ቆሻሻ ለሚወስደው ጋሪ ሰጠ። ከሥሩ የወጣው እንጨት ማር የመሰለ ነበር። ቫርኒሽ ቀባው፣ እግር ገጠመለት፣ ካርታውን መሀሉ ላይ አስቀመጠና እጁን አጣምሮ ጠበቀ። ደስታው ፊቱ ላይ አልሸሸግ ብሎት ነበር።

ሰዓሊው ሻንጣውን እንደያዘ በር ላይ ቆመ። ወደ በሩ ኋላ አየ።

«ሳንቃዬስ?»

«እሱ ነው እኮ! እየው እስቲ፤ ከሥሩ እንዴት ያለ እንጨት ኖሯል መሰለህ።»

ሰዓሊው ሻንጣውን አላስቀመጠም። ቀስ ብሎ መጣና ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ዳሰሰው። ጠርዙን ዳሰሰ።

«ሰሌዳው በየሰኞው ነጭ ይቀባ ነበር» አለ። ድምፁ ከፍ አላለም፤ ይህ ነው ኦፕሬተሩን ያስፈራው። «ከሠራሁት ሁሉ አንድ ሥዕል አልቀረኝም፤ አንድ። የቀረው እሱ ላይ ነበር። ከጠርዙ በምላጭ ስሸርፈው እያንዳንዱን አውቀዋለሁ፤ ይሄ ቀይ የዚያች ዘፋኝ ቀሚስ ነው፤ ይሄ ሰማያዊ የመርከቡ ፊልም ነው። እጄ ሲያቅተኝ ጊዜ ቁጭ ብዬ እሱን ነበር የማነበው።»

ኦፕሬተሩ ክው አለ።

ሰዓሊው ከነሻንጣው ተመልሶ ወጣ። በሩን አልወረወረውም፤ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

ኦፕሬተሩ የሚያውቀውን አደረገ። ካርታ ዘረጋ። ሁለት ወንበር አስጠጋ፤ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀዳ። ሻዩ ቀዘቀዘ። በማግስቱም ዘረጋ፤ በሠልስቱም። ሥዕል ቤቷ ከመስኮቱ ትታያለች፤ ሰዓሊው ሲገባ ሲወጣ ያየዋል፤ ቀና ግን አይልም። በአምስተኛው ቀን ካርታዎቹ ላይ አቧራ አረፈ። አንድ በአንድ ጠርጎ መልሶ ዘረጋቸው።

ከምድር ቤት የምትኖረው ልብስ ሰፊ የተጠገነ ሸሚዙን ይዛ ወጣች። ጠረጴዛውን አየች፤ ወንበሮቹን አየች።

«ጋሼ፣ ዛሬም እየጠበቁት ነው?»

«ይመጣል።»

«አይመጣም። ቅዳሜ ሊሄድ ነው። በእኔ ስልክ ነው ለእህቱ የደወለው። ጠቅልሎ ነው የሚሄደው፤ እጁ ሰው ይፈልጋል አሉ።» ሸሚዙን ወንበር ላይ ሰቀለች። «ለመሆኑ እርስዎ ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ?»

«ይቅርታ ነዋ!»

«እኛ ቤት እንደሱ አይባልም።»

«ታዲያ ምን ይባላል?»

«ካርታ ይዘረጋል።»

ልብስ ሰፊዋ ትክ ብላ አየችው። ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው። «ሁለታችሁም ጢማችሁ ሸበተ እንጂ ገና ልጆች ናችሁ» አለች ለስለስ ብላ፤ ወረደች።

ብቻውን ሲቀር ኦፕሬተሩ ወደ ቁም ሣጥኑ አናት አየ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታየው። ሃያ ስድስት ዓመት የኖሩበት ሕግ የፊልሙ አልነበረም። የእሱ መቀስ ነው ያወጣው። ለትንሽ ጠብ በቅቷቸው ኖሯል፤ ለካልሲ፣ ለብርጭቆ። ለዚህ ግን አልበቃም። የሚበቃውን ቆርጦ ጣሳ ውስጥ የከተተው ደግሞ ራሱ ነው። ሰዓሊው ሳይሰማው ከሄደ ጣሳዋን ለማን ይከፍታታል?

መስታወት ፊት ቆሞ ሞከረ። «ይቅርታ» አለ። አውቶቡስ ውስጥ የሰው እግር ረግጦ የሚያልፍ መሰለ። እንደገና አለ፤ ባሰ። ተወው።

ቅዳሜ ጠዋት ጣሳዋን ይዞ ወረደ። የሥዕል ቤቷ በር ክፍት ነው። ሰዓሊው በርከክ ብሎ ካርቶን በገመድ ያስራል፤ እጁ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ቋጠሮው ይፈታበታል። የኦፕሬተሩ እጅ ወደ ገመዱ ሊሄድ ነበር፤ ያዘው። ያልጠሩት ቤት አይገባምና ደፉ ላይ ቆመ።

«አውቶቡሱ አምስት ሰዓት ነው» አለ ሰዓሊው።

«አውቃለሁ። አንድ ነገር ላሳይህ ነው የመጣሁ።»

«ደግሞ ምን ወልውለህ?»

ኦፕሬተሩ ጣሳዋን ብድግ አደረገ። ክዳኑ አልከፈት አለው፤ ዝጎ ነበር። በጥፍሩ ፈለቀቀው። ጥቅሉ ጠንክሯል፤ ያረጀ ፊልም እንደሚያደርገው የኮምጣጤ ሽታ ሸተተ።

«ያ ፊልም» አለ፤ «የመለከት ነፊው። በሩና ካርታው መሀል ትዕይንት ነበረው። ተቃጠለብኝና ቆርጬ አወጣሁት። አንተ ያኔ አልመጣህም ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።»

ሰዓሊው ቋጠሮውን ለቀቀ። ቀስ ብሎ ተነሣና ወደ በሩ መጣ። «ዝላዩ...»

«ቀልድ አልነበረም። የኔ ጥፋት ነው።»

«ሃያ ስድስት ዓመት እንደዚያ ስለፈልፍ?»

«ዝም አልኩህ።»

ሰዓሊው መነጽሩን አደረገ። የጥቅሉን ጫፍ ይዞ ወደ ብርሃኑ አነሣው፤ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ትንንሾቹ ሥዕሎችም አብረው ተንቀጠቀጡ። ኦፕሬተሩ ከደፉ ማዶ እንደቆመ እጁን ዘረጋና የጓደኛውን የእጅ አንጓ ከሥር ደገፈ። ሥዕሎቹ ረጉ።

«በር ነው» አለ ሰዓሊው።

«አዎ።»

«ውጪ ቆሟል። መለከቱስ?»

«አልያዘውም።»

«አፉን ከፍቷል።» ሰዓሊው ፊልሙን በጣቱ እየገፋ አንድ በአንድ አየ። በእያንዳንዷ ሥዕል ላይ ያው ሰው፣ ያው በር፣ ያው የተከፈተ አፍ። «ምንድን ነው የሚለው?»

«ድምፁ ዳር ላይ ያለችው ቀጭን መሥመር ናት። ያለ ማሽን አትሰማም።»

«አንተ ግን ሰምተኸዋል። ምን ይላል?»

ውጪ አንድ ብስክሌት ደወሉን እያሰማ አለፈ። ኦፕሬተሩ እስኪርቅ ጠበቀ።

«'በደልኩህ' ይላል።»

«ሌላስ?»

«'የአባትህን ሰዓት ሰበርኩብህ፤ ልመልሰው አልችልም' ይላል።» የሚያወራው ስለ ሰዓቱ መሆኑ ቀረ። «'ደስ ላሰኝህ ብዬ ነው፤ ስፍቀው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የዕድሜህን ሥራ በቆሻሻ ጋሪ ላክሁት። ጥፋቴ ነው። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።'»

ሰዓሊው ዓይኑን ከፊልሙ አላነሣም። አንጓው ግን አሁንም ኦፕሬተሩ መዳፍ ላይ ነበር፤ አልወሰደውም።

«ሰዓት ሠሪውስ?» አለ። «ምን ይመልስለታል?»

«ምንም አይለውም።»

«እህ?»

«ከበሩ ዞር ይላል። በቃ፤ ትዕይንቱ ያ ነው። የሚያስቅ ነገር የለውም።»

ሰዓሊው ፊልሙን ጠቅልሎ ወደ ጣሳው መለሰ። መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ይበልጥ አቆሸሸው። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደና በሩን ለቀቀለት።

ኦፕሬተሩ ጫማውን ሊጠርግ ጎንበስ አለ፤ ተወው፤ ገባ። ካርቶኑን እሱ አሰረው።

«ትኬቱን አልመልስም» አለ ሰዓሊው። «እጄ እየባሰበት ነው። እዚያ ሳለሁ የሸሚዜን ቁልፍ እንኳ እህቴ ናት የቆለፈችልኝ።»

«እኔም እኮ...» አለ ኦፕሬተሩ።

«አውቃለሁ። አንተ ብትቆልፍልኝ ከነነፍሴ በአራት ታጥፈኛለህ።»

ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ አልቆየም። ሰዓሊው መደርደሪያው ላይ ከቀሩት የቀለም ጣሳዎች አንዲቱን አነሣ። ወደ ላይ ወጡ። ማር የመሰለው ጠረጴዛ ላይ ካርታው እንደተዘረጋ ነበር። ሰዓሊው አውራ ጣቱን ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ነክሮ ከጠርዙ አጠገብ፣ በራሱ ወንበር በኩል፣ ተጭኖ አነሣው። እጁ ተንቀጥቅጦ ስለነበር አሻራው ትንሽ ተንሸራቷል።

«ይሄን እንዳትነካው።»

«እስኪደርቅ አልነካውም።»

«ሲደርቅስ?»

«ሲደርቅም።»

አውቶቡስ ጣቢያው ድረስ ካርቶኑን ተሸክሞ ሸኘው። የፊልሟን ጣሳ ሰዓሊው ይዟት ሄደ፤ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ በሁለት እጁ ደግፎ።

አሁን እሁድ እሁድ ይደውላል። «እዚህ ቤት ጫማ ደጅ ነው የሚወልቀው» ይላል። «እህቴ ካንተ የባሰች! ካልሲዬን ትተኩሰዋለች!» ኦፕሬተሩ ይሰማዋል፤ ስለ እጁ ይጠይቀዋል፤ ዛሬ ዛሬ መጠየቅ ለምዷል። አንዳንዴ መልሱ ጥሩ አይደለም፤ ያኔም ሁለቱም ስልኩን አይዘጉም።

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዱ ቤቱን ይጠርጋል። መስኮቱን፣ ማንኪያዎቹን፣ ጣሳዋ የነበረችበትን የቁም ሣጥን አናት። ጠረጴዛውን በመጨረሻ ይይዘዋል። ጨርቁ ከመሀል ተነሥቶ ዙሪያውን ይሄዳል። ሰማያዊው አሻራ ጋ ሲደርስ ዞር ይላል።